ሁለተኛው ያንተ ነው

ወገኔ ጉርሻ አይቀበልም። ዳንግላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት ማታ የገባ እንግዳ መሆን አለበት። ሠርግ ቤት የሙሽራዋ እናት እንጀራውን በወጥ ጠቅልለው ቢዘረጉለት፣ ከንፈሩን ገጥሞ አንገቱን ወደ ኋላ ያሸሻል። ክርስትና ቤት አያትየዋ «በሞቴ» ብለው ቢለምኑት፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ስሞ፣ ወደ ትሪው ይመልሰዋል። ጉርሻ መመለስ ደግሞ እዚህ አገር ከስድብ የሚቆጠር ነው። አንዳንዱ ስለት አለበት አለ። አንዳንዱ ምች ነው አለ፤ ምች ጉርሻ ለይቶ እንዴት እንደሚመታ ግን የጠየቀ የለም። የገዛ እናቱ እንኳ አንድ ፋሲካ የዶሮውን ፈረሰኛ በእንጀራ ጠቅልለው ዘርግተውለት እምቢ ቢላቸው፣ ጉርሻቸውን መልሰው ሰሃኑ ላይ አኑረው እስከ ማታ አላነጋገሩትም።

ነገሩ ስለትም ምችም አልነበረም። ወገኔ አንድ ጉርሻ እየጠበቀ ነበር፤ የአንዲት ሴት ጉርሻ። ሸጋ ትባላለች፤ ከሄደች ሰባት ዓመት አልፏታል። እሷ እስክትመለስ የሌላ ሰው እጅ አፉ እንዳይደርስ ለራሱ ቃል ገብቷል። ቃል ግባ ያለው የለም፣ የገባለትም የለም። ሰው ሲናፍቅ ሕግ ያወጣል፤ ያወጣውንም ሕግ ራሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ወገኔ የሚሠራው እትዬ እታለማሁ ምግብ ቤት ነው። ከዳንግላ መናኸሪያ ወጣ እንዳሉ ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን ከሚያሳርፉበት ፊት ለፊት ያለው ሰማያዊ በር ነው። ሊጥ አቡኪ ሆኖ ገብቶ ዛሬ የምድጃው አዛዥ ሆኗል። የቤቱ ፒዛ ከየት መጣ ቢሉ፣ እትዬ እታለማሁ ድሮ ባሕር ዳር ለሕክምና ሄደው አንድ ሆቴል ቀምሰው ነበር። ሲመለሱ «ዳቦውን ቂጣ አደረጉት፣ ድንቹን ጭራሽ ረሱት፣ በዚያ ላይ በቢላዋ ቆራርጠው አመጡልኝ፤ ተጣልቼ ነው የበላሁት» አሉ። የዳንግላ ፒዛ እንግዲህ የተጣላ ሰው ፒዛ ነው። ሊጡ እንደ ድፎ የወፈረ፣ ላዩ ላይ በርበሬ የገባበት የቲማቲም ስልስ፣ ስስ ተደርጎ የተከተፈ ድንች፣ ቃሪያ፣ ጥቁር አዝሙድ፤ የፍስክ ቀን ሲሆን ደግሞ ቺዝ እየተባለ ከሚመጣው ላስቲክ ይልቅ የአገር አይብ። ቢላዋ የሚባል ነገር አይነካውም። ቢላዋ የጠየቀ እንግዳ ካለ እትዬ እታለማሁ ከባንኮኒያቸው ሆነው «እንጀራ በቢላዋ የሚቆርጥ ቤት ነው ያደግኸው?» ይሉታል። ሙሉው በትሪ ይቀርባል፣ ሰው ከቦ በእጁ ይቆርሳል፤ በእጅ የተቆረሰ ነገር ደግሞ ወደ ጎረቤት አፍ መሄዱ አይቀርም።

ሸጋ የዘንገና ልጅ ናት፤ የእናቷ ቤት እንጅባራ አጠገብ ካለው ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ አለፍ ብሎ ነው። ነርስነት ልትማር ዳንግላ መጥታ ነው የተገናኙት። በመጀመሪያው ቀን ትሪው ፊቷ ሲቀመጥ አየት አድርጋ፣ «ድንቹን ከእኛ አገር ነው ያመጣችሁት፤ የእናንተ የሆነው ምኑ ነው?» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፒዛና የበርገር ክርክር ተነሣ፤ የፍቅር መጀመሪያ መሆኑን ሁለቱም ያወቁት ቆይተው ነው።

ሸጋ በእንጅባራ በርገር አትደራደርም። እዚያ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ቤት አለች። የተፈጨ ሥጋ ከተቀቀለ ድንች ጋር ታሽቶ ይጠበሳል፤ ላዩ ላይ እንቁላል፣ ከእንቁላሉ በላይ ጥብስ ድንች፣ ከዚያ ሚጥሚጣ ይነሰነስና በትኩስ ክብ ዳቦ ይከደናል። ቁመቱ አፍ ይፈትናል። እንጅባራ ብርድ ነው፣ ዝናቡም ሰዓት አይመርጥም፤ ሰው ትኩስ ነገር በሁለት እጁ መያዝ ይወዳል። አንዱን ቅዳሜ ወገኔ በሾፌሩ በእንየው ሚኒባስ አዲስ ቅዳም ከተማን አልፎ እንጅባራ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷ እናቷ ጋ ሳትሄድ ዳንግላ ትቀራለች።

«በርገር የራስህ ነው» ትለዋለች። «ማንም እጁን አይሰድበትም።»

«ለዚህ ነዋ የእንጅባራ ሰው የማይጎራረሰው። በሁለት እጁ ይዞ በምኑ ያጉርስ?»

«የዳንግላ ሰውስ? ስለ ጉርሻ ሲያወራ ይመሽበታል እንጅ መቼ ሲያጎርስ አየን?»

እውነቷን ነበር። ወገኔ አንድም ቀን አጉርሷት አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሊጥና ሽንኩርት ውስጥ የሚውለውን እጁን ወደ እሷ አፍ ለማቅረብ ያፍር ነበር። ነገ ታጥቤ፣ ነገ ጥፍሬን ተቆርጬ እያለ፣ ነገ የሚባለው ቀን አላልቅ አለው። እሷም ቀድማ ብታጎርሰው ዓይን አውጣ እንዳይላት ይመስላል፣ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህ ነገር ለሌላ ጉዳይ ይሠራ ይሆናል፤ ለፍቅር ግን አይሠራም፤ ፍቅር ዝም ሲሉት ይነቅዛል።

ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ያገኘችው ጂንካ ነው። ጂንካ የት እንደሆነ ወገኔ ከዚያ በፊት በዜና እንኳ ልብ ብሎ ሰምቶ አያውቅም። የምትሄድበት ቀን ዓርብ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ፣ አይብ የሌለው ፒዛ መሀላቸው ቀረበ። በልተው ሳያጋምሱ የእንየው ሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሸጋ፣ ሞልተናል» አለ። ወገኔ ቀና ሲል ሸጋ ከመሀሉ ቆርሳ፣ ድንቹን ከነቃሪያው አጥፋ ይዛለች። ሳታመነታ አጎረሰችው። ትኩስ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከትኩሳቱ ነው ብሎ ሊያስብ ፈለገ። እሷ ሻንጣዋን አንሥታ ስትነሣ፣ አፉ እንደ ሞላ፣ «አንድ ያጣላል» አላት። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል፤ ይህንንማ ማን ያጣዋል።

ሸጋ በሩ ላይ ዞር ብላ ሳቀች። «ሁለተኛው ያንተ ነው» አለችና ሮጠች።

ሁለተኛው ያንተ ነው። ወገኔ ይቺን ቃል እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አሰራት። ሁለተኛው ጉርሻ ለአንተ ተቀምጧል፣ ስመለስ አጎርስሃለሁ፤ ሌላ ምን ማለት ይሆናል? በዚያው ሳምንት አንዲት ዘመዱ ልታጎርሰው እጇን ስትዘረጋ አፉ ራሱ ተዘጋ። ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው።

መጀመሪያ ላይ ስልክ ነበር። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሙዙ፣ ስለምታዋልዳቸው ሴቶች ታወራዋለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለተኛውስ እንዴት ሆነ?» ትለዋለች።

«አልረሳሁትም፤ እየጠበቅኩ ነው» ይላታል።

«ጂንካ አትመጣም?» ትለዋለች።

«ምድጃውን ለማን ትቼ? አንች ነይ እንጅ።»

ዝም ትላለች። ወገኔ ዝምታውን ናፍቆት ነው ብሎ ይተረጉመውና ደስ ብሎት ይተኛል። እየቆየ ስልኩ አጠረ። ከዚያ አገሩ ታመሰ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርኩ በተመለሰ ጊዜ የድሮ ቁጥሯ አልሠራም። ዘንገና ሄዶ እናቷን መጠየቅ ይችል ነበር፤ በእንየው ሚኒባስ ከሰዓት በኋላ ደርሶ የሚመለስበት መንገድ ነው። አልሄደም። የተናገረችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም አለ። እውነቱን ለመናገር ፈራ፤ ሄዶ የሚሰማውን ነገር ፈራ።

«ላም አለኝ በሰማይ» ይሉታል እትዬ እታለማሁ፣ ብቻውን ሊጥ እያሸ ሲተክዝ ባዩት ቁጥር።

«ላሚቱ ትመጣለች እትዬ» ይላል ወገኔ።

«ስትመጣ እንግዲህ ጥጃዋን አስከትላ እንዳይሆን።»

እትዬ እታለማሁ ክፉ ሴት አይደሉም። ሲወዱ የሚሳደቡ ናቸው።

በዚህ ዓመት ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት፣ እንየው ሚኒባሱን ደጃፍ ላይ አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ገባና ወሬውን ከስኳሩ ጋር አማሰለው። እንጅባራ ገበያ የሸጋን እናት አግኝቷቸዋል። ሸጋ መጥታለች፤ ዘንገና ናት። «ወገኔ አሁንም እዚያው ቤት ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ አሉኝ፤ ነው አልኳቸው። ዓርብ እመጣለሁ በለው ብላሃለች።»

ወገኔ ወደ ጓሮ ዞሮ ምድጃው ፊት ቆመ። ደስታ እንዲህ ያስፈራል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። ሊጠይቀው የሚገባውን ነገር ሁሉ ሳይጠይቅ እንየው ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ዓርብ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ሊጥ አበላሸ፤ አንዴ ጨው በዛበት፣ አንዴ እርሾውን ረሳ። ፀጉሩን ተቆረጠ። ዓርብ ጠዋት ድንቹን ከሌላው ቀን ይበልጥ ስስ አድርጎ ከተፈ፣ እጁን በሎሚ አሸ፣ አሸተተው፣ እንደገና አሸ። እትዬ እታለማሁ ይህን ሁሉ አይተው ያን ዕለት አንዴም ሳይሰድቡት ዋሉ፤ ወገኔም ይህንን ልብ አላለም።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል አንዲት ጋሪ ደጃፉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ የወረደችው ሸጋ ነበረች፤ ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ነጠላዋን እንደ ድሮው በአንድ ትከሻዋ ጥላለች። ወገኔ በሩ ላይ ደርሶ ስሟን ሊጠራ አፉን ሲከፍት፣ እሷ ወደ ጋሪው ዞረችና አንዲት ትንሽ ልጅ አቅፋ አወረደች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ የእናቷ ነው፤ ግንባሯ ግን የሌላ ሰው ነበር።

«ሃና፣ ጋሼን ሰላም በይ» አለች ሸጋ።

ሃና ሰላም አለችው። ወገኔም ሰላም አላት። ከዚያ ሸጋን ጉንጭዋን ሳመ፤ የሳሙና ሽታዋ ተቀይሯል። «አድገሻል» አላት። ለሃና ሊለው ያሰበውን ነው ለእናቷ ያለው።

«ወፍረሻል ማለትህ ነው?» አለች ሸጋና ሳቀች። ሳቋ አልተቀየረም። ወገኔ ይህ ሁሉ ዘመን ይህን ሳቅ በትክክል ያስታውስ እንደሆነ ሲጠራጠር ነበር የኖረው። ያስታውስ ነበር።

እዚያው የድሮ ቦታቸው አስቀመጣቸውና «ምድጃውን ልየው» ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። የሚታይ ነገር አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ትንሽ ተነፈሰ። ከዚያ ልጅ እንደማትጾም ትዝ አለው። የሊጡን ግማሽ እንዳለ ትቶ፣ በሌላው ግማሽ ላይ አይብ በተነበት። አይቡ ወደ ጾሙ በኩል እንዳይሻገር በጣቱ አጥር ሠራ። ግማሹ የጾም፣ ግማሹ የፍስክ ሆኖ በአንድ ትሪ ወጣ።

ሸጋ ስታየው «ለልጄ አሰብክላት» አለች ቀስ ብላ።

ልጄ አለች። ወገኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሸጋ ከአይቡ በኩል ቆርሳ ሃናን አጎረሰች፤ ደገመች። ከዚያ እጇን ሰብስባ ተቀመጠችና ወገኔን አየችው። ወገኔም አያት። ምንም ይሁን ምን፣ ባል ይኑራት ልጅ ይኑራት፣ ያ ቃል ቃል ነው፤ አሁን ትዘረጋለች ብሎ ጠበቀ። ፒዛው በመሀላቸው መተነን አቆመ።

«አሁንም አታጎርስም ማለት ነው» አለች ሸጋ።

«እኔ?»

«ሁለተኛውን ነዋ። ያንተ ነው ብየህ አልነበር?»

«ያንተ ነው ብለሽኛል። ያንን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የማንንም ጉርሻ ሳልቀበል። የእናቴን ሳይቀር።»

ሸጋ ግንባሯን ቋጠረች። «ምኑን ስትጠብቅ?»

«ሁለተኛውን። አንች እንድታጎርሽኝ።»

ልጅቱ ታኝካለች። ውጭ አንድ ፈረስ አሽካካ። ሸጋ በሽተኛ እንደሚያናግር ሰው ድምፅዋን አለሰለሰች።

«ወገኔ፣ እኔማ አጉርሸህ ነበር። ያንተ ነው ያልኩህ ተራው ያንተ ነው ማለቴ ነው።»

ያኔ ወገኔ ስልኮቹን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ሰማቸው። ሁለተኛውስ እንዴት ሆነ። እየጠበቅኩ ነው። አንች ነይ እንጅ። የሸጋ ዝምታ ናፍቆት ነበር፤ በዚህስ አልተሳሳተም። ግን እሱን እየጠበቀ የሚያልቅ ናፍቆት ነበር። ሁለት ሰዎች ከአንድ ትሪ ፊት ቁጭ ብለው፣ አንዱ ሌላው እስኪቆርስ እየጠበቀ፣ ምግቡ ቀዝቅዟል።

«በየስልኩ እየጠበቅኩ ነው ትለኝ ነበር» አለች ሸጋ። «ምን እንደሚጠብቅ አላውቅም እል ነበር፤ ገንዘብ ይሆናል፣ ከቤተሰቡ ፈቃድ ይሆናል። ለመስቀል ይመጣል አልኩ። ከዚያ ለፋሲካ አልኩ። መናኸሪያ እየሄድኩ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ቆሜ አይ ነበር። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የዘንገና ልጅ እጇን ዘርግታ እንደምትለምን ሆኖ ታየኝና ተውኩት።» የሃናን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አባቷ በተዋወቅን ቀን ሳልጠይቀው ሁለት አጎረሰኝ። ተረቱን እንኳ አያውቀውም። እንዲሁ እጁ ሄደ።»

ወገኔ «ጥሩ ሰው ነው?» አለ።

«ጥሩ ሰው ነው።»

ይህም መልስ ነበር፤ ወገኔ ጠልቶ ሊሰማው ፈለገ፣ ግን መጥላት አልሆነለትም።

«በእናቴ ቋንቋ በአዊኛ ብነግርህ ይሻል ነበር» አለች ሸጋ።

«አዊኛ አልችልም እኮ።»

«አማርኛውንስ መቼ ቻልከው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ እንደ ጀመረ ቶሎ አለቀ። እትዬ እታለማሁ ከባንኮኒያቸው ጀርባ አንዲት ብርጭቆ ከበቂ በላይ እየወለወሉ ነበር። ለብርጭቆዋ የሚነግሯት ይመስል፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አሉና አስቀመጧት።

ከመንገዱ በኩል የእንየው ጥሩምባ ተሰማ። ወደ እንጅባራ የዕለቱ የመጨረሻ ጉዞው ነው። ሸጋ እሑድ ወደ ጂንካ እንደምትመለስ ነገረችው፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

ወገኔ ያኔ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ። ከጾሙ በኩል ቆረሰ፤ ድንቹን ከነቃሪያው አጠፈው፣ ልክ እሷ ያኔ እንዳጠፈችው። እጁ ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር፣ ከሎሚው ሥር ደግሞ ሽንኩርት። አላፈረም። ዘረጋው። እጁ መሀል መንገድ ሲደርስ ሸጋ ጉርሻውን አየችው፤ ዓይኗ ሞላ። አፏን ግን አልከፈተችም። ወገኔ ጉርሻ ሲመለስ ምን እንደሚመስል በዚያች ሰዓት አወቀ፤ እናቱ ትዝ አሉት።

«እሷን አጉርስልኝ» አለችው በለሆሳስ።

እጁ ወደ ጎን ዞረ። ሃና አፏን ከፍታ እየጠበቀችው ነበር፤ ለልጅ ጉርሻ የማን ተራ እንደሆነ አይጠየቅም። ጎረሰች። ጉንጯ ተነፋ፣ ቃሪያው አቃጠላት፣ ግን አልተፋችውም።

እንየው ደግሞ ጥሩምባውን ነፋ። ሸጋ ብድግ ብላ ቦርሳዋን አነሣች፤ ያኔም እንዲህ ነበር የተነሣችው። «በይ ነይ፣ መኪናው ሊሄድብን ነው።»

ሃና አልተነሣችም። የጎረሰችውን ውጣ፣ ፊቷን ወደ ወገኔ አድርጋ፣ አፏን እንደገና ከፍታ ተቀመጠች።

«ሃና፣ ነይ እንጅ።»

«ሁለተኛውስ?»

«የምን ሁለተኛ?» አላት ወገኔ።

«አንድ ያጣላል» አለች ሃና። «እማዬ ናት ያለችኝ።»

ሸጋ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስታነሣ ወገኔ አየ፤ እንዳላየም ሆነ። ድንቹ ከሚበዛበት ከትሪው መሀል ቆረሰ፣ ቃሪያውን አወጣላት፣ እፍ እፍ አለበት። ከዚያ አጎረሳት።